የጀልባው መለዋወጫ

ሰው ከሚገዛቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ ወግ ያውቃሉ፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ይሞታሉ። ሶፋው ይጎደጉዳል፤ ስልኩ ይደነዝዛል፤ መኪናው ጋራዥ ሲመላለስ ከርሞ አንድ ቀን መካኒኩ ራሱን እየነቀነቀ «ከዚህ በኋላስ ለአንተም ለእሱም ዕረፍት ይሻላል» ይላል። ባለቤቱ ያዝናል፣ ይሸኛል፣ ሌላ ይገዛል። ትንሽ የአሉሚኒየም የዓሣ ጀልባ ግን ይህን ወግ አያውቅም። አይሞትም። ስላልሞተ አይቀበርም፤ ስላልተቀበረ ከግቢ አይወጣም፤ ከግቢ ስላልወጣ ደግሞ በረዶ በቀለጠ ቁጥር «እስቲ ዘንድሮ ምኑን ልቀይርለት?» እያስባለ ይኖራል።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የዚህ ክፍለ ግዛት የመኪና ሰሌዳ «10 ሺህ ሐይቆች» ይላል። በትክክል ሲቆጠሩ ስፋታቸው 10 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆኑት ብቻ 11,842 ናቸው፤ የአገሩ ሰው መመካት ስለማይወድ ትርፉን ዝም ይላል። ሕዝቡ ወደ 5.7 ሚሊዮን ሲሆን የተመዘገበው ጀልባ ከ800 ሺህ ይበልጣል። ለሰባት ሰው አንድ ጀልባ እንደ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ አማቱና ገና ከአገር ቤት የመጣ ዘመዱ ከተቆጠሩለት አንድ ጀልባ ይደርሰዋል። ለእኛ ቤት የደረሰን 14 ጫማ ርዝመት፣ ሦስት አግዳሚ መቀመጫና የተላላጠ አረንጓዴ ቀለም ያለው ነው። እኔ «ጀልባው» እለዋለሁ። ባለቤቴ «ድስቱ» ትለዋለች። «ዛሬም ድስትህ ውስጥ ልትገባ ነው?» ስትል ጎረቤት ሐበሻ ቢሰማ ስለ ትዳራችን ምን እንደሚያስብ እንጃ።

የእነዚህ ጀልባዎች ታሪክ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ለአውሮፕላን ሥራ አሉሚኒየም በገፍ ታመርት ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ላሜራውም፣ ላሜራን ከላሜራ በሪቬት ማጋጠም የለመደው እጅም ሥራ ፈታ። የጦር አውሮፕላን ሲሠራ የከረመው ግሩማን እ.ኤ.አ. በ1945 የአሉሚኒየም ታንኳ ወደ መሥራት ዞረ። እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ በ1946 አሉማክራፍትና ክሬስትላይነር፣ በ1948 ደግሞ ኒውዮርክ ሚልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሉንድ ተቋቋሙ። ስለዚህ እኔ ትል ይዤ የምቀመጥበት ዕቃ በአባቱ ወገን ከተዋጊ አውሮፕላን ይወለዳል። ዘሩ በፍጥነቱ ላይ አልታየም፤ በጩኸቱ ላይ ግን ይታወቃል።

አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ነው፤ ደግሞም አይዝግም። በትክክል እንናገር ከተባለ ይዝጋል፤ ነገር ግን አየር እንደነካው ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ልብስ ሆኖ የውስጡን ይጠብቅለታል። ብረት በዝገቱ ይሞታል፤ አሉሚኒየም በዝገቱ ይኖራል። የእኔ ጀልባ በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። አምራቾች በየጀልባው ላይ መለያ ቁጥር እንዲያትሙ የተገደዱት ከ1972 ማብቂያ ወዲህ በመሆኑ የእኔው ቁጥር የለውም። ሲወለድ የነበሩ ሰዎች ምናልባት አልፈዋል። እሱ ግን ይኸው በግቢያችን ጥግ፣ ሸራ ለብሶ፣ ከእኔም ከልጆቼም ዕድሜ በላይ ሊኖር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ጀልባው አይሞትም ማለት ግን በእሱ ላይ ያለው ነገር አይሞትም ማለት አይደለም። እንዲያውም ባለቤትነት የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። አሉሚኒየሙን የነካ፣ በአሉሚኒየሙ ላይ የታሰረ፣ ከአሉሚኒየሙ ሥር የተቀመጠ ነገር ሁሉ በተራው ይሞታል፤ ቀባሪው ባለቤቱ ነው።

መጀመሪያ ሪቬቶቹ ይላላሉ። ሆዱን ከጎኑ፣ ጎኑን ከአግዳሚው ያያያዙት በመቶ የሚቆጠሩ ሪቬቶች ማዕበል በመታቸው ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተነቀነቁ አንድ ቀን ውሃ ማስገባት ይጀምራሉ። የቱ እንደሚያስገባ ውሃ ላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ የገባው ውሃ ሁሉ እግርህ ሥር ተሰብስቦ እኩል ያይሃል። ስለዚህ ነገሩን መገልበጥ ነው። ጀልባው ደረቅ መሬት ላይ፣ ተሳቢው ላይ እንዳለ በቱቦ ውሃ ትሞላዋለህ፤ ከሥሩ በጀርባህ ትገባለህ፤ የሚያንጠባጥበውን እየፈለግህ በማርከር ታከብባለህ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና መሞላቱን በልክ ማድረግ ያስፈልጋል፤ 300 ሊትር የሞላ ሰው ሌላ 300 ኪሎ ከደረቱ በላይ አንጠልጥሎ ተኝቷል ማለት ነው። የሚኒሶታ ተወላጅ የሆነው ጎረቤቴ ከሥር የወጣውን እግሬን ሲያይ እጁን አንሥቶ ሰላም ብሎኝ ያልፋል፤ ለእሱ ይህ የፀደይ ምልክት ነው። ለቡና የመጡ የባለቤቴ ዘመድ ግን በር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ጀልባ ውሃ ላይ ነው እንጂ ውሃ ጀልባ ላይ ይደረጋል እንዴ? ጸበል አልሞከራችሁም?» አሏት።

የላላ ሪቬት ማጥበቅ ለአንድ ሰው የተፈጠረ ሥራ አይደለም። አንዱ ከውጭ ሆኖ በሪቬቱ ራስ ላይ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ጭራውን በመዶሻ ይመታል። አሜሪካ ደግሞ ሁለት ሐበሻ በአንድ ሰዓት ነፃ የሚሆኑበት አገር አይደለም። አንዱ ፓርኪንግ ማታ ይገባል፣ ሌላው ሆስፒታል ጠዋት ይወጣል፣ ሦስተኛው የጭነት መኪናውን ይዞ ሳውዝ ዳኮታ ላይ ነው። ሰው በልደት ተጠርቶ ይቀራል፣ በምርቃት ተጠርቶ ይቀራል። «ሪቬት ላጠብቅ ነውና ብረት የሚይዝልኝ አጣሁ» ሲባል ግን የማይመጣ የለም፤ ደቦ ከደም አይወጣም መሰለኝ። አንዱ ጓደኛዬ በወጣትነቱ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ይሸጥ ስለነበር የመሐንዲስነቱን ሥልጣን ያለ ምርጫ ይይዛል። እኔ ውስጥ፣ እሱ ውጭ፤ በመካከላችን ስስ ላሜራ።

«ያዝከው?»

«የቱን?»

«የተከበበውን!»

«ሁሉም ተከቧል እኮ!»

«ከግራ ሦስተኛው!»

«የእኔ ግራ ነው የአንተ ግራ?»

ከዚያ መዶሻው ያርፋል። የአሉሚኒየም ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ መዶሻ የመታ ሰው ያን ቀን ሌላ ወሬ አይሰማም፤ እራት ላይ ሁላችንም የምንነጋገረው እየጮህን ነው። ባለቤቴ የተጣላን መስሏት መሐል ገብታ ታውቃለች።

ከሪቬቱ ቀጥሎ የሚሞተው እንጨቱ ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላሜራ ብቻውን ስለማይችለው በመካከሉ ኮምፔንሳቶ አለው። ውሃ በብሎን ቀዳዳ በኩል ወደዚያ እንጨት ይገባል፤ ገብቶ አይወጣም። ለመመርመር የሞተሩን እግር ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ግድግዳው አብሮ ከተነቀነቀ እንጨቱ ወደ አፈርነት እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥቁር ገለባና የደራ የጉንዳን ሰፈር ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ ባለቤት ብልህ ነኝ ብሎ እንዳይበሰብስ መድኃኒት የተነከረ ጣውላ ሊገዛ ይችላል። መድኃኒቱ መዳብ አለበት። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚያ ባትሪ ውስጥ የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። እንጨቱ እንዳይሞት ሲባል ጀልባው ይታመማል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ለጀልባ የተሠራ ኮምፔንሳቶ ገዝቶ ዙሪያውን ኢፖክሲ ቀብቶ ማስገባት ነው፤ የሚያስወጣው ገንዘብ ከቤታችን የመመገቢያ ጠረጴዛ ዋጋ ይበልጣል። ባለቤቴ ይህን የምታውቀው ጠረጴዛውን ከጀልባው ጋር ማወዳደር ስለምታዘወትር ነው።

በዚሁ ምክንያት በጀልባዬ ላይ የሚሳፈር ሰው ኪሱን ይፈተሻል። የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ከላይ መዳብ የተለበጠ ነው። ጀልባው ሆድ ውስጥ ካለች ጥቂት ውሃ ጋር ወድቆ ከተረሳ ላሜራውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በአንድ ሳንቲም ማስቲካ እንኳ በማይገዛበት አገር አንድ ሳንቲም ጀልባ ትበሳለች። እንግዶቼ ፍተሻውን በክፉ ያዩታል፤ «ለቦሌ አየር ማረፊያ እንኳ እንዲህ አልተበረበርን» ይላሉ፤ ግን ይፈተሻሉ።

ሞተሩ ደግሞ ራሱን የቻለ አዛውንት ነው። ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ዘይቱን የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ለ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት። ቢበዛ ያጨሳል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ቢያንስ ፒስተኑ ይነክሳል። ቤንዚኑም እንዳገኙ አይቀዳለትም። ለመኪና የሚሸጠው ተራ ቤንዚን አልኮል የተቀላቀለበት ነው፤ አልኮል ውሃ ይስባል፤ ለወራት ሲቀመጥ ደግሞ ካርቡሬተሩን ያዝለገልጋል። ሚኒሶታ ለጀልባ፣ ለአሮጌ መኪናና ለሣር ማጨጃ የሚሆን አልኮል የሌለበት ምርጥ ቤንዚን እንዲሸጥ ትፈቅዳለች። ስለዚህ በየቀኑ ሥራ የምታደርሰኝ መኪና ርካሹን ትጠጣለች፤ በዓመት የሚበዛውን ጊዜ ሸራ ሥር ተኝቶ የሚያሳልፈው ውዱን።

ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው በሽንቱ ነው። ከሐይቁ የሳበው ውሃ ውስጡን አቀዝቅዞ በኋላ በኩል በቀጭኑ ይወጣል። ዥረቱ ጠንካራ ከሆነ ሰላም ነው፤ ከቀጠነ ወይም ከተቆራረጠ ፖምፓው ውስጥ ያለው የጎማ ክንፍ ደክሟል። እኔና ጓደኞቼ ዕድሜያችን እየገፋ ሲሄድ ይህን ምልክት የምንመለከትበት ትኩረት ጨምሯል፤ ሞተሩ ሲነሣ ሁላችንም አጎንብሰን እናያለን፤ ሲፈስስ «ተመስገን» እንላለን። የጎማ ክንፉ ሕግ አንድ ነው፤ ከመበጠሱ በፊት ቀድሞ መቀየር። ሲበጠስ ልቀይረው ያለ ሰው መሐል ሐይቅ ላይ መቅዘፊያ ይዞ ይገኛል። ከፕሮፔለሩ ጋር ያለችው ቀጭን ፒን ግን በተቃራኒው እንድትሰበር ተብላ የተቀጠረች ናት። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ማርሹን አድና እሷ ትሞታለች። ስለዚህ ትርፍ ፒኖች በአግዳሚው ሥር በፕላስተር ተለጥፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

በመጸው፣ ሐይቁ በረዶ ከመሆኑ በፊት፣ የማርሹ ዘይት ይፈተሻል። ነጣ ብሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የሚኒሶታ ክረምት ደግሞ ያን ውሃ አቀዝቅዞ፣ አሳብጦ፣ የማርሹን ቤት ሊሰነጥቀው ይችላል። ይህን ሥራ «ነገ አደርገዋለሁ» ማለት አያዋጣም፤ እዚህ አገር ነገ በረዶ ነው።

ተሳቢውን የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። ጀልባው አሉሚኒየም ነው፤ ተሳቢው ብረት ነው፤ እና በየሳምንቱ ሐይቅ ውስጥ ይነከራል። በአውራ ጎዳና ላይ ሲሮጥ ኩሽኔታው ይግላል፤ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ግራሶው ይታጠባል፤ ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል። መብራቶቹም ውሃ ጠጥተው በየዓመቱ ይጠፋሉ። አሁን የመንግሥትን ጥበብ ተመልከቱ፤ የማይሞተው ጀልባ ምዝገባው በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፣ ይከፈልበታል፤ በየቀኑ እየዛገ የሚሄደው ተሳቢ ግን አነስተኛ ስለሆነ አንዴ ተመዝግቦ የዕድሜ ልክ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ባለሥልጣኑ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ሳይገባው አልቀረም፤ ገንዘቡን ያስቀመጠው ከሚኖረው ላይ ነው።

ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መንዳት የትዳር ፈተና ነው። መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል። መላው ቀላል ነው፤ እጅህን ከመሪው በታች በኩል ትይዛለህ፣ ተሳቢው እንዲሄድ ወደምትፈልገው ወገን እጅህን ትገፋለህ። ቀላል ያልሆነው ውጭ ቆሞ የሚመራው ሰው ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ያደገች ስለሆነች ወደ ኋላ መምራትን የተማረችው ከሚኒባስ ረዳቶች ነው። «ይመጣል… ይመጣል… ይመጣል… በለው… ቁም! ቁም አልኩህ!» ጀልባ ማውረጃው ላይ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ሽማግሌ ፈረንጆች አንድ ቃል ሳይገባቸው ሁሉም ነገር ይገባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ዓሣ ሊያጠምዱ የመጡ አይመስለኝም፤ ቲያትሩን ሊያዩ ነው የሚመጡት።

በቲያትሩ ዋናው ትዕይንት ቡሹ ነው። በጀልባው የኋላ ግድግዳ ግርጌ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ቡሽ ይገባበታል። ሕጉ በመንገድ ላይ ቡሹ ወልቆ እንዲጓዝ ያዛል፤ ሐይቁ ደግሞ ቡሹ ገብቶ እንዲመጣ ያዛል። በሁለቱ ጌቶች መካከል ያለው የአንድ ሰው ትውስታ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲመረመር፣ ገመዱ ሲታሰር፣ ትሉ ሲቆጠር፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ጀልባው ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ በኋላ የመጨረሻው ተሳፋሪ ካልሲው ሲርስ ያኔ ቡሹ ይታወሳል። ሽማግሌዎቹ ከወንበራቸው ሳይነሡ አንድ ላይ «ቡሽ!» ይላሉ።

ለሕጉ ምክንያት የሆነችው ከጥፍር የማትበልጥ ባለ ሽንትር ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጡር ናት፤ ዜብራ መስል ይሏታል። በመርከብ ሆድ ውሃ ከአውሮፓ መጥታ በ1988 በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ተገኘች፤ በዓመቱ የሚኒሶታ ወደብ ዱሉት ደረሰች። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የምትጓዘው በጀልባ ላይ ተለጥፋና በተረፈ ውሃ ውስጥ ሆና ነው። ስለዚህ አረም ተነቅሎ፣ ውሃ ተደፍቶ፣ ጀልባ ተፈትሾ ነው የሚገባውም የሚወጣውም። ማውረጃው ላይ የተመደበች አንዲት ተማሪ ወረቀት ይዛ ወደ ጓደኛዬ መጣችና «ከየት ነው የመጣኸው?» አለችው። እሱ ይህን ጥያቄ በሕይወቱ ከተለያዩ ጠረጴዛዎች በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የተጠየቀ ሰው ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጎንደር መወለዱን፣ በሱዳን በኩል መውጣቱን፣ ካርቱም የቆየበትን ጊዜ፣ ወረቀቱ መቼ እንደተሟላለት በቅደም ተከተል አስረዳት። ልጅቷ በትሕትና ጨርሳ ሰማችውና «መልካም፤ ከየትኛው ሐይቅ ማለቴ ነበር» አለች።

ይህ ሁሉ የሚደረገው እንግዲህ ለዓሣ ነው ይባላል። የሚኒሶታ የክብር ዓሣ ዎልአይ ነው፤ ከ1965 ጀምሮ በሕግ። የወቅቱ መክፈቻ በልማድ ከሜሞሪያል ዴይ በዓል በፊት ካለው ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ያለው ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሜይ 9 እስከ 15 ባለው ውስጥ ይውላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከእናቶች ቀን ጋር ይጋጫል። ከእኛ አቆጣጠር ጋር ያለው ጠብ ግን ይብሳል። የእኛ ፋሲካ ከኤፕሪል 4 አይቀድምም፣ ከሜይ 8 አያልፍም። አስሉት፤ የዎልአይ ወቅት የሚከፈተው ምንጊዜም ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ የሚበሉቱ እንኳ 55 ቀን ሙሉ ዓሣ ሲያምራቸው ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ለዎልአይ ዝግ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ዎልአይ ይዤ ስመጣ ሕዝቡ ረቡዕም ዓርብም በሌለበት በበዓለ ሃምሳ መካከል፣ በዶሮና በክትፎ ላይ ነው። «እግዜር ይስጥልን፤ ግን ፍሪጁ ሞልቷል» የማይለኝ ወዳጅ የለም። በነሐሴ ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ስልኬ ይጮኻል፤ ያኔ ውሃው ሞቋል፤ ዎልአይም ወደ ጥልቁ ወርዶ ሱባዔ ይዟል።

ዓሣውን የሚያባርረው ሙቀት ብቻ አይደለም። የአሉሚኒየም ጀልባ ከበሮ ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በአየር ላይ ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ እግርህ ሥር የወደቀች ፒንሳ መውደቋን ዓሣው ካንተ እኩል ይሰማል። የአገሬው ሰው ዓሣ ሲያጠምድ ዝም ይላል። እኛ ደግሞ ዝም ካልን ተኳርፈናል ማለት ነው። ክርክሩ አየር ላይ ስለሚቀር ምንም አይደለም፤ ክፉው ነገር አገራዊ ጉዳይ ሲነሣ ተከራካሪው እግሩን መሬት ሲመታ ነው፤ መሬቱ ላሜራ ነዋ። እኛ የምናዘወትረው ሐይቅ ውስጥ ያሉ ዓሦች ስለ ኢትዮጵያ ፖለቲካ አቋም ሳይዙ አልቀሩም።

ነገሩን በሚገባ ያስረዱኝ አማቴ ናቸው። ከባሕር ዳር ሊጠይቁን መጥተው አንድ ቅዳሜ ይዣቸው ወጣሁ። ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ በላዩ ላይ ላይፍ ጃኬት ታጥቀው፣ መካከለኛው አግዳሚ ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሣ፤ ሁለት ትናንሽ ዓሦች ተያዙ። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ።

«ልጄ፣ ይህ ጀልባ ስንት ፈጀብህ?»

«ጀልባው ርካሽ ነው፣ እማማ።»

«ሞተሩስ?»

ነገርኳቸው። ተሳቢውን፣ ጎማውን፣ ቤንዚኑን፣ እንጨቱን ጠየቁ፤ መለስኩ። ሁለቱን ዓሦች እያዩ በጣታቸው ሲደምሩ ቆዩና፣

«ጣና ላይ እኮ ሰዉ ደንገል ያጭዳል፣ ያስራል፣ ታንኳ ያደርጋል፤ ዓሣ ያመጣበታል። ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲበሰብስ ይጥለውና ሌላ ያስራል» አሉ።

«ይኼ ግን አይበሰብስም፣ እማማ» አልኳቸው ኮራ ብዬ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ! የሚበሰብስ ነገር ባለቤቱን ያሳርፋል።»

ያን ቀን ከዓሣው ይልቅ ይህን ይዤ ገባሁ። ባለቤቴም ነገሩን በሌላ በኩል ትመጣበታለች። «ሞተሩን ቀይረሃል፣ ተሳቢውን ቀይረሃል፣ እንጨቱን፣ ሪቬቱን፣ መቀመጫውን ቀይረሃል። ታዲያ ያው ጀልባ ነው የምትለኝ ምኑን ይዘህ ነው?» ትላለች። መልስ የምሰጣት ላሜራውን እየመታሁ ነው። ላሜራው ያው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዝርዝሩን እኔው ቀጠልኩበት። በእነዚህ ዓመታት ከተሳቢው ኩሽኔታ ጋር የእኔም ጉልበት መጮህ ጀምሯል። የፒኗን ቀዳዳ ለማየት መነጽር ተቀይሯል። ሞተሩን ብቻዬን አንሥቼ የምሰቅለው ወገብ አሁን ረዳት ይጠራል።

ጀልባውን የሸጡልኝ ሽማግሌ ምክንያታቸውን በአንድ ቃል ነው የተናገሩት፤ ጉልበታቸውን አሳዩኝና «ይኼ» አሉ። የሚኒሶታ ሰው ከዚያ በላይ አያማርርም። ሪቬት፣ ፒን፣ ዳዶና ስሙን የማላውቀው ብረት የሞላበት የቡና ጣሳ ጨምረው ሰጡኝ። እሳቸው ራሳቸው ከሚስታቸው አባት ነው የወሰዱት። የኋላው ግድግዳ ሲከፈት ካልበሰበሰው የእንጨት ክፍል ላይ በእርሳስ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት አገኘን፤ ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው እንጨቱን የቀየረበት። ጓደኛዬ መዶሻውን አስቀምጦ «ይሄ ጀልባ ስንት ባለቤት በላ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ መለዋወጫ እየገዛን ለጀልባው የምንቀይርለት ይመስለናል፤ እሱ ግን የጎማ ክንፉ ሲደክም ክንፍ፣ ፒኑ ሲሰበር ፒን፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ባለቤት እያስቀየረ ይቀጥላል። በመዝገቡ ላይ እኔ የሰፈርኩት ከካንዴላው ቀጥሎ ነው፤ ልዩነታችን እኔ ራሴን ገዝቼ መምጣቴ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ጎረምሳ ነው። በዚህ ፀደይ «ጋሼ፣ ምንድን ነው የምታደርገው?» እያለ በስልኩ ቪዲዮ ሊቀርጸኝ መጣ፤ ስልኩን ተቀብዬ ደጋፊውን ብረት አስያዝኩት። ብረቱን ሳያንቀሳቅስ ይይዛል፤ ከላሜራው ማዶ የተባለውን በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ጀልባው ሥር ገብቶ ሲወጣ ጉልበቱ አንድም ድምፅ አያሰማም። ሲጨርስ ሞተሩን አስነሣ፤ ውሃው በቀጭኑ መውጣቱን ሳልነግረው አጎንብሶ አየ። የጎማ ክንፍ ከመበጠሱ በፊት ይቀየራል ብያለሁ፤ ለባለቤትም ደንቡ ያው ነው። ልጁ ገና የሚያውቀው ነገር የለም። ለልደቱ የሥራ ጓንት ገዝቼለታለሁ።